ቆሞ የማይነካ ጎማ

በየጥቂት ወሩ አንድ ቪዲዮ ስልካችን ላይ ይደርሳል። አንድ ወጣት በግቢው ውስጥ በገዛ እጁ መኪና ሠርቷል። ላሜራው ገና አልተቀባም፣ መብራቱ ከባጃጅ የተፈታ ነው፣ ወንበሩ የካፌ ወንበር ይመስላል። ልጁ ቁልፉን ያዞራል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ መኪናው ከግቢ ወጥቶ ሜዳው ላይ ቀጥ ብሎ ሃምሳ ሜትር ይሄዳል። ጎረቤት እልል ይላል። ጋዜጠኛው «ከመንግሥት ምን ድጋፍ ትፈልጋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። እኛም «ጎበዝ! ይደገፍ!» ብለን ጽፈን ለሌላ ሰው እናስተላልፋለን።

እኔም ከሚያጨበጭቡት አንዱ ነኝ፤ ነገም አጨበጭባለሁ። ከአንድ ዓመት ወዲህ ግን ዓይኔ ከሞተሩ ቀድሞ የሚያርፈው የፊት ጎማው ላይ ሆኗል። መኪናው ሲታጠፍ አሳይተውናል? መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ጎማው ፓራፋንጎውን ይነካል ወይስ አይነካም? አራት ሰው ተጭኖ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝስ? ቪዲዮው ሁልጊዜ እዚያ ከመድረሱ በፊት ያልቃል።

«አገር በዚህ ሁሉ ጉዳይ ተወጥራ አንተ ስለ ጎማና ፓራፋንጎ ታወራለህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አዎ፣ አወራለሁ። ትንሽ ታገሱኝ፤ ነገሩ ከጎማም ያልፋል።

የቮልሱ ነገር

የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በሚጀምርበት በኩል፣ እህቴ ግቢ አንድ አሮጌ ቮልስ ለዓመታት ቆሞ ነበር። የሟቹ ባለቤቷ መኪና ነው። ላዩን ዝገት በልቶት አልቋል፤ ዶሮዎች ያድሩበት ነበር። ወለሉ፣ የፊት እግሩና ሞተሩ ግን ደህና ነበሩ። ብየዳ የተማረው የሃያ ሦስት ዓመት ልጇ የተበላውን ላይኛውን አካል አንስቶ፣ በራሱ ንድፍ ክፍት መኪና ሊሠራበት ተነሳ። እናቱ በመጀመሪያ «የአባትህን መኪና ልትቆራርጠው ነው?» ብላ ተቆጣች፤ በኋላ ግን ልጁ ከካፌ በረንዳ ይልቅ ግቢዋ ውስጥ ቢውል ደስ ስላላት ዝም አለች።

ልጁ ቮልስን መምረጡ ትክክል ነበር። የቮልስ ላይኛው አካል ከወለሉ ጋር የታሰረው በቡሎን ነው። ቡሎኖቹን ፈትታችሁ ብታነሱት ወለሉ፣ አራቱ ጎማዎች፣ መሪው፣ ሞተሩና ካምቢዮው ራሳቸውን ችለው ይቆማሉ። በ1964 እ.ኤ.አ. ብሩስ ማየርስ የተባለ የካሊፎርኒያ ሰው ከፋይበርግላስ የሠራትና «ማየርስ ማንክስ» ያላት የአሸዋ መኪና ዓለምን ያዳረሰችው በዚህ ምክንያት ነው። ገዢው አንድ አሮጌ ቮልስ ያገኛል፣ ወለሉን ቆርጦ ያሳጥራል፣ ከማየርስ የገዛውን አካል ይጭንበታል። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቶ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻው የወጣው ይህ መኪና በብዙ አገር ቤት ውስጥ ለሚሠሩ መኪናዎች መሠረት ሆኗል። እኛም አገር ቮልስ ታሪክ አለው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ እንደነበር የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ልዩነቱን ልብ በሉልኝ። ባሕር ማዶ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ «ኪት» ይገዛል። አካሉ፣ ማያያዣው፣ ብረቱ ተዘጋጅቶ በሳጥን ይመጣለታል። ከሳጥኑ ዕቃ ሁሉ ውዱ ግን በዓይን የማይታየው ነው፤ ልኩ። ጎማው ስንት ቁጥር ይሁን፣ ፓራፋንጎው ከጎማው ስንት ይራቅ፣ መሪው የት ይቁም የሚለውን ንድፍ አውጪው ለክቶ፣ ሞክሮ፣ ተሳስቶ፣ አርሞ ጨርሶታል። የእህቴ ልጅ ያለው ላሜራ፣ የብየዳ ማሽንና ስልኩ ላይ ያሉ ቪዲዮዎች ናቸው። ልኩን ከዜሮ ማግኘት አለበት። ይህን እንዲያደርግ ደግሞ ማንም አላስተማረውም።

የሚያምረው ጎማ

የቮልስ የድሮ ጎማ ቀጭን ነው። በዛሬው አጻጻፍ 165/80 በ15 ቸርኬ ላይ ይገባል። ልጁ ይህን ጎማ «የባቡር ጎማ ይመስላል» ብሎ ናቀው። ሰፊና ደንዳና ጎማ ፈለገና 205/70 በ15 የሆኑ ያገለገሉ ጎማዎች ከነቸርኬያቸው አገኘ። ቸርኬው የሌላ መኪና ስለሆነ ቮልሱ ላይ በቀጥታ አይገባም። ቮልስ እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ድረስ ቸርኬውን የሚያስረው በሰፊ ክብ ላይ በተደረደሩ አምስት ቡሎኖች ሲሆን በኋላ በአራት ሆኗል፤ ሁለቱም ከተለመዱት የጃፓን መኪኖች ጋር አይገጥሙም። ስለዚህ ቶርኖ ቤት ሄዶ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ውፍረት ያለው ማገናኛ ብረት አስቆረጠ። ገጠመለት። መኪናው ቆሞ ሲታይ እውነትም ያምር ነበር። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል አንድ መዳፍ ሙሉ ይገባል።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ ከባድ አይደለም።

ጎማው ከ165 ወደ 205 ሚሊሜትር ሲሰፋ አራት ሳንቲሜትር ጨምሯል። ግማሹ ወደ ውስጥ፣ ግማሹ ወደ ውጭ ነው። የማገናኛው ብረት ደግሞ ጎማውን እንዳለ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ወደ ውጭ ይገፋዋል። የሁለቱ ቸርኬዎች አቀማመጥ እኩል ነው ብንል እንኳ የጎማው ውጫዊ ጠርዝ ከድሮው ቦታው አራት ሳንቲሜትር ተኩል ወጥቷል ማለት ነው። ቁመቱስ? የድሮው ጎማ ዳር እስከ ዳር 645 ሚሊሜትር ሲሆን አዲሱ 668 ነው። አናቱ ከአንድ ሳንቲሜትር በላይ ወደ ፓራፋንጎው ቀርቧል። በነገራችን ላይ የቮልስ የፍጥነት መቁጠሪያ የሚሽከረከረው ከግራው የፊት ጎማ በሚመጣ ገመድ ነው። ጎማው ሲተልቅ መቁጠሪያው 60 ሲል መኪናው በእውነት 62 ላይ ነው። ጥቂት ይመስላል፤ ግን መኪናው ራሱ መዋሸት ጀምሯል።

ይህ ሁሉ ጎማው ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው። መሪ ሲዞር ጎማው ቦታውን ይለውጣል። በግርድፉ 30 ዲግሪ ቢዞር የጎማው የፊት ጫፍ አሥራ ስድስት ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፣ የኋላ ጫፉም ያንኑ ያህል ወደ ሌላው። ወደ ግራ ስትታጠፉ የቀኙ ጎማ የፊት ጫፉ ወደ ውስጥ ወደ ሻንሲው፣ የኋላ ጫፉ ወደ ውጭ ወደ ፓራፋንጎው ጠርዝ ይሄዳል። በዚያው ቅጽበት መኪናው ወደ ቀኝ ስለሚያዘነብል ክብደቱ የሚጫነው በዚሁ በቀኙ ጎማ ላይ ነው። ፍሬን ከያዛችሁ ደግሞ ከኋላ ያለው ክብደት ወደ ፊት ይመጣል። ስለዚህ ጎማው ይዞራል፣ ይነሳል፣ ይጫናል፤ ሦስቱም በአንድ ጊዜ። የፊት ጎማ የሚነካው ያኔ ነው። ቆሞ አይነካም። ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ሲሄድም አይነካም።

በቮልስ ላይ ደግሞ ሌላ ማታለያ አለ። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ አፍንጫው ድሮም ቀላል ነው። የፋብሪካውን አካል አንስታችሁ ቀለል ያለ ላሜራ ስትጭኑበት ይበልጥ ይቀላል፤ የፊት እግሩ ከፍ ብሎ ይቆማል። ያ መዳፍ ሙሉ የሚያስገባው ክፍተት የመጣው ከዚህ ነው። አርባ ሊትር ቤንዚን የሚይዘውን የፊት ታንክ ሙሉት፣ ሁለት ሰው ከፊት አስቀምጡ፣ ፍሬን ያዙ፤ መዳፉ ወደ ጣት ይወርዳል።

እንጦጦ አይዋሽም

ሜዳ ላይ የሚኖር ሰው ይህን ሳያውቅ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። የእኛ ሰፈር ግን ሜዳ አይደለም። እንጦጦ አናቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከእግሩ ሥር ያሉት ሰፈሮች፣ ፈረንሳይ፣ ጉራራ፣ ቀበና፣ እስከ ኮተቤና ካራ ድረስ ዳገትና ቁልቁለት ናቸው። ኮብልስቶን አለ፣ ክረምት የቦረቦረው የውስጥ መንገድ አለ፣ መንደር ለመንደር የሚያጥፍ ጥምዝ አለ። ጎረቤታችን ጉለሌ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ስለ ጥምዝ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

መንገዱም የመኪና ብቻ አይደለም። ጠዋት በነጋታው አትሌቶች ይሮጡበታል። ቀትር ላይ እናቶች ወገባቸው እስኪጎብጥ ቅጠልና እንጨት ተሸክመው ቁልቁል ይወርዱበታል። ከትምህርት ቤት የሚለቀቁ ልጆች አሉ። አህያ አለ። እሑድ ወደ እንጦጦ ፓርክ የሚወጣው ቤተሰብ አለ። በዚህ መንገድ ላይ መሪው በግማሽ የቀረበት መኪና የሚሠሪውን ልጅ ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ቅጠል የተሸከመችው ሴት ስለ ቸርኬ ስፋት አልተጠየቀችም።

ልጁ መኪናውን ይዞ ወደ አስፋልት ሊወጣ ሲል ሰፈራችን ጎሚስታ የሆኑ አንድ አዛውንት፣ ልጆቹ ሁሉ «ጋሼ» የሚሏቸው፣ በሩ ላይ አስቆሙት።

«መሪውን እስከ መጨረሻው አዙርልኝ» አሉት።

አዞረ። አልነካም።

«ጋሼ፣ አየኸው? ንጹሕ ነው» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ።

ሽማግሌው ሳቁ። «ቆሞማ የማን መኪና ይነካል? ጫነው እንጂ!»

አንድ ቅዳሜ

በዚያ ቅዳሜ ያደረግነውን ዘርዝሬ የምጽፈው አንዳችሁ ግቢ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሥራ ካለ እንዲጠቅማችሁ ነው። የተራቀቀ መሣሪያ አልነበረንም። ሁለት ክሪክ፣ አራት ጆንያ አሸዋ፣ ወፍራም የእንጨት ግንድ፣ ጠመኔና ሜትር ብቻ።

መጀመሪያ ታንኩን ሞላን። አሸዋውን ከፊት ጫንን። የሰፈር ልጆች ተቀመጡበት። ከዚያ በአንዱ የፊት ጎማ ሥር ግንዱን አስገባንና ያ ወገን እስከ መጨረሻው ተጫነ፤ ማለትም የታችኛው ክንድ የማቆሚያውን ላስቲክ እስኪነካ ድረስ። (ላስቲኩ በአንድ ወገን ጭራሽ አልነበረም። ከዘመናት በፊት ወድቆ ማንም አልመለሰውም።) የፓራፋንጎውን ውስጥ፣ የሻንሲውን ጎንና በአካባቢው ያለውን ሁሉ በረጠበ ጠመኔ ቀባን። ከዚያ መሪውን ቀስ ብሎ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ አዞረው። ግንዱን አውጥተን በሌላው ወገን ደገምነው። በመጨረሻ መኪናውን በክሪክ አንስተን ጎማው ወደ ታች ተንጠልጥሎ እያለ መሪውን እንደገና አዞርን፤ ምክንያቱም ጎማ ሲወርድም የሚነካው ነገር አለ።

ጎማው ላይ የቀረው ጠመኔ ሦስት ቦታ ነገረን።

አንደኛው የፓራፋንጎው የኋላ ጠርዝ ነው። ይህን ሁላችንም ጠብቀነዋል። ላሜራው ሲቆረጥ ጠርዙ ሳይታጠፍ ስለተተወ እንደ ቢላ ነበር፤ በእያንዳንዱ ጥምዝ የጎማውን ትከሻ ይልጠዋል።

ሁለተኛው ራሱ በብየዳ የጨመረው የመብራት መያዣ ብረት ነው። በሥዕሉ ላይ አልነበረም፤ መብራቱ ሲወዛወዝበት በአንድ ምሽት የጨመረው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ይኼ ነው።

ሦስተኛው ሁላችንንም ዝም አሰኘን። የጎማው የውስጥ ጠርዝ የፍሬን ቱቦውን ነክቶታል። ከብረቱ ቧንቧ ወደ ጎማው የምትሄደዋን፣ እንደ ጣት የምትቀጥነዋን የላስቲክ ቱቦ። ነክቷታል ስል በጭረት ነው፤ በአንድ ጊዜ አትበጠስም። በየጥምዙ ትንሽ ትንሽ እየተላጠች ትቀጥናለች፤ የምትፈነዳው ሾፌሩ ፍሬኑን አጥብቆ በሚረግጥበት ሰዓት ነው። ያ ሰዓት ደግሞ ቁልቁለት ላይ ነው። አሮጌዎቹ ቮልሶች የፍሬን ዘይታቸው በአንድ መስመር ብቻ የሚሄድ ነው፤ አንዷ ቱቦ ከፈሰሰች አራቱም ጎማዎች ፍሬን ያጣሉ። የሚቀረው የእጅ ፍሬን ነው፤ እሱንም ለመሳብ ጊዜ ካለ።

እህቴ ቡና ይዛ መጥታ «ምን ሆናችሁ? ምነው ዝም አላችሁ?» አለች። ልጁ ቱቦዋን በጣቱ አሳያት። ብዙ አልተናገረችም። «ወንድሜ፣ እስኪስተካከል ድረስ ቁልፉ አንተ ጋ ይሁን» አለችኝና ቁልፉን እጄ ላይ አኖረች።

መፍትሔው ያላማረው ነው

የቀረበው ሐሳብ ብዙ ነበር። አንዱ የሰፈር ልጅ «የፊቱን እግር አጠንክረህ ከፍ አድርገው፣ አይወርድም» አለ። ይህ ጎማው እንዳይነካ ያደርጋል፤ ግን እግሩ የማይተጣጠፍ ከሆነ ጎማው በየጉድጓዱ ላይ ይዘላል፣ የዘለለ ጎማ ደግሞ አይታጠፍም፣ ፍሬንም አይዝም። ሌላው «ወፍራም ማገናኛ አድርገህ የበለጠ ወደ ውጭ ግፋው» አለ። ከቱቦዋ ይርቃል፤ ፓራፋንጎውን ግን ይበልጥ ይመታል፣ ኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል፣ መሪውም በየድንጋዩ ከእጅ ይነጠቃል። ሦስተኛው «መሪውን ቀድሞ የሚያቆም ብረት በይድበት» አለ። ይህ አሳማኝ ነው፤ ብዙ ቦታም ይሠራል። ዋጋው ግን መኪናው ሰፊ ቦታ ካላገኘ የማይዞር መሆኑ ነው። ጥምዝ ላይ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ እዚህ ሰፈር ቀልድ አይደለም።

ጎሚስታው ሁሉንም አዳምጠው «ቀጭኑን ጎማ መልስ» አሉ።

ልጁ ሁለት ቀን አኮረፈ። እውነቱን ለመናገር አልፈረድኩበትም። ሰፊው ጎማ የመኪናው ውበት ነበር፤ ገንዘቡንም አፍስሶበታል። በሦስተኛው ቀን ግን ራሱ ማገናኛውን ፈታ፣ የድሮውን ቸርኬ አሸበረቀ፣ 165 ጎማ ገጠመ። የፓራፋንጎውን ጠርዝ ቆርጦ ወደ ውስጥ አጠፈው። የመብራቱን መያዣ ወደ ሌላ ቦታ ወሰደ። ሁለቱንም የፍሬን ቱቦዎች በአዲስ ለወጠ፣ መያዣቸውን ወደ ቦታው መለሰ። የጎደለውን ላስቲክ ገጠመ። ከዚያ ጠመኔውን እንደገና ቀባን። በሁሉም አቅጣጫ፣ ተጭኖም ተንጠልጥሎም፣ ቢያንስ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ክፍተት ቀረ። ይህን ልክ የመረጥነው ጭቃም ጠጠርም ስለሚኖር፣ ብረትም ስለሚለጠጥ፣ ኩሽኔታና ቴስቲኒም ከጊዜ በኋላ ስለሚላሉ ነው። አዲስ ሲሆን ለጥቂት የማይነካ ጎማ፣ ሲያረጅ መንካቱ አይቀርም።

መኪናው ከበፊቱ ያንስ መልኩ ይሆናል። እኔ ግን የምኮራበት ያን ጊዜ ነው።

ከጎማው ወዲያ

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። ከጥር 2016 ዓ.ም ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተደርጓል። ውሳኔውን የሚደግፍም የሚቃወምም አለ፤ የዛሬው ጉዳዬ እሱ አይደለም። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። አገር ውስጥ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ከእጃችን በቶሎ አይወጡም። እንጠግናቸዋለን፣ እንቆርጣቸዋለን፣ ከፍ እናደርጋቸዋለን፣ የሌላ መኪና ዕቃ እንገጥምባቸዋለን። ነገ ደግሞ ሞተራቸውን አውጥተን ባትሪ እንጭንባቸዋለን፤ ባትሪ ከባድ ነው፣ ክብደቱ በሚቀመጥበት ቦታ የፊት እግሩን ከፍታ ይለውጣል። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ጥያቄ የአንድ ግቢ ጥያቄ አይደለም። ለጉድጓድ ብሎ ትንሿን የቤት መኪናውን ከፍ ያስደረገና ወፍራም ጎማ የገጠመ ሰው ሁሉ ጥያቄው ነው። መሪህን እስከ መጨረሻው አዙረህ፣ ተጭኖ፣ ለክተሃል?

ተሽከርካሪን ስለ መለየት፣ መመርመርና መመዝገብ የሚደነግግ አዋጅ በ2002 ዓ.ም ወጥቷል፤ ቁጥሩ 681 ነው። በየዓመቱ ቦሎ ለመለጠፍ መኪናችንን ወደ ምርመራ እንወስዳለን። ይህ አሠራር በዋናነት የሚያስበው ፋብሪካ የሠራውን መኪና ነው፤ ሊብሬው ላይ የተጻፈውና ፊት ለፊት የቆመው አንድ የሆነውን። አንድ ወጣት በእጁ የሠራውን መኪና ይዞ «እባካችሁ ፈትሹልኝ፣ ጉድለቴን ንገሩኝ» ብሎ የሚሄድበት ግልጽ በር ያስፈልገዋል። በሩ ግልጽ ካልሆነ የሚመርጠው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ መኪናውን ግቢ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ወይ ጎሕ ሳይቀድ ተደብቆ ይነዳዋል። ሁለተኛው ነው የሚያስፈራው።

ሌላ አገር ይህን እንዴት እንደያዘው አንድ ምሳሌ ልስጥ። በብሪታንያ በቤት የሚገጣጠም መኪና የቆየ ባህል ነው። ሎተስ ሰባት የምትባለው ቀላል መኪና ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኪት ትሸጥ ነበር፤ ገዢዎች ራሳቸው ሲገጣጥሟት ከግዢ ታክስ ስለሚተርፉ ብዙዎች ወደዷት። መንግሥት ይህን ባህል አልከለከለውም፤ በ1998 እ.ኤ.አ. ለነጠላ መኪና የሚሆን ምርመራ አበጀለት፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ይበልጥ ጥብቅ በሆነ ተካው። መኪናህን በቤትህ ሥራ ይሉሃል፤ መንገድ ላይ ከመውጣትህ በፊት ግን አንድ መርማሪ ፍሬኑን፣ መሪውን፣ መብራቱን፣ ስለታም ጠርዙን አንድ በአንድ ያየዋል። ከወደቀ ምን እንደጎደለ በወረቀት ይሰጥሃል። አስተካክለህ ትመለሳለህ።

«እንዲህ ያለ ቁጥጥር የልጆቹን ፈጠራ ይገድላል» የሚል መከራከሪያ እሰማለሁ። ስጋቱን እረዳለሁ፤ ቢሮክራሲያችንን የማያውቅ የለም። አንድ ቅጽ ለማስፈረም አምስት ቢሮ የሚያዞር አሠራር ከመጣ፣ አዎ፣ ይገድላል። ግን ፈጠራን ከቁጥጥር በላይ የሚገድለው አንድ አደጋ ነው። አንድ ቤት የተሠራ መኪና ቁልቁለት ላይ ሰው ቢገጭ በማግስቱ የሚወጣው መመሪያ «በቤት መኪና መሥራት ክልክል ነው» የሚል ይሆናል። ያኔ የሚቀጣው ያላጠፋውም ልጅ ነው።

ለእኔ የሚታየኝ ቀላል ነገር ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉን፤ ከእኛ ሰፈር ብዙም የማይርቀው እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ አንዱ ነው። በእነዚህ ቦታዎች በወር አንድ ቀን ለእንዲህ ያሉ ወጣቶች በር ቢከፈትስ? ሊፍት፣ ሚዛን፣ ሜትርና አንድ ልምድ ያለው መምህር። ልጁ መኪናውን አስጎትቶ ያመጣል፣ ተጭኖ ይለካል፣ ጉድለቱን ይዞ ይመለሳል። ለተማሪዎቹም ከመጽሐፍ የማያገኙት ትምህርት ነው። ከዚያ በኋላ የትራንስፖርት ባለሥልጣኑ ያንን ወረቀት መነሻ አድርጎ የራሱን ምርመራ ያድርግ። የሚያስፈልገው ፈቃደኝነትና የሥራ ቅደም ተከተል ነው።

የሚዲያ ሰዎችም ድርሻ አላችሁ። ልጁን ስትቀርጹት ሞተሩን አስነሳው ካላችሁት በኋላ ሦስት ነገር ጨምሩበት፦ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ጫፍ አዙር፣ ሰው ጭነህ አዙር፣ ፍሬን ይዘህ አቁም። ቢነካ አታፍሩበት፤ እሱንም አሳዩ። ቀጥሎ እንዴት እንዳስተካከለውም ተመልሳችሁ አሳዩን። ከዚያኛው ቪዲዮ ይልቅ ሌላ ወጣት የሚማርበት ይኼኛው ነው።

እናንተም ወዳጆቼ፣ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ አታሳቅቁት፤ ዝም ብላችሁም አታሞካሹት። ክሪክ አውሱት። ጆንያ አሸዋ ተሸከሙለት። ጠመኔ ስጡት። «ቆሞማ የማን መኪና ይነካል?» ብላችሁ ጠይቁት። ከሽማግሌው የተማርኩት ይህችን ጥያቄ ነው፤ ከመኪና ውጭ ላለው ብዙ ነገራችንም ትሠራለች። በምረቃው ቀን የሚያምረውን ድልድይ፣ በሪፖርት ላይ የሚያምረውን ዕቅድ፣ ተጭኖ ሲዞር ማየት እስክንለምድ ድረስ ጭብጨባችን ለማንም አይጠቅምም።

ቁልፉን ለልጁ መልሼለታለሁ። አሁን የሚነዳው በሰፈሩ የውስጥ ሜዳ ላይ ብቻ ነው፤ ወደ መንገድ የሚወጣበትን ሕጋዊ መንገድ እየጠየቀ ነው። መልስ ያለው የሚመለከተው አካል ካለ እናዳምጣለን።

ቸር እንሰንብት።